ሳልመረቅ የተሻገርሁት ድልድይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሱቄ ድረስ መጥታ የዋስትና ፎርም ዘረጋችልኝ። ሞጣ ውስጥ የንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለሚውል ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሥራ አግኝቶ ዋስ ያጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚለው እኛ ዘንድ ነው። የአንድ ቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ ከፍቼ ስለነበር ቀና ሳልል የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኋት።

«የጋሽ ታፈረ ልጅ ነኝ፤ ከቢቸና። ስመኝ እባላለሁ» አለች። «አባቴ ‹አዲሱ ያውቀኛል፤ ሌላ ሰው ሳትጠይቂ እሱ ጋ ሂጂ› ብሎኝ ነው።»

መፍቻውን አስቀመጥሁ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ ልጅቷ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላለች። ግንባሯ የአባቷ ነው፤ ሰፊ፣ መሐሉ ላይ ሰርጎድ ያለ። ያንን ግንባር ሳየው ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ንዴት ተነሣብኝ። ነገ ከምሳ በኋላ እንድትመለስ ነገርኋት። አመስግናኝ ወጣች። እሷ ምን ታውቃለች? ያኔ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ የምታለቅስ ሕፃን ነበረች።

የዚያን ቀን ሥራ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። ቴሌቪዥኑን መልሼ ገጠምሁ፤ ሁለት ብሎን ተረፈኝና እንደገና ፈታሁት። ሰው በአንድ የጌም ነገር ይህን ያህል ዓመት ይናደዳል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ታሪኩን ሰምቶ ይፍረድ።

የጋሽ ታፈረ ጌም ቤት ቢቸና ውስጥ ከእህል ተራው ጀርባ ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ሦስት ቴሌቪዥን። ሁለቱ ለኳስ ናቸው። ሦስተኛው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውና ሥዕሉ ወደ ቢጫ የሚያደላው፣ ታሪክ ላለው ጨዋታ የተተወ ነበር። በገበያ ቀን የጤፉ ብናኝ ከውጭ እየገባ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ጋሽ ታፈረ በነጠላው ጫፍ ይጠርገዋል። እኛ ተራ ስንጠብቅ የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን ስለምንበላ ጣታችን አረንጓዴ ሆኖ ይውላል። እሱም በሩ ላይ የውኃ ጀሪካን አስቀምጦ እጁን ያልታጠበ ሰው ጆይስቲክ አያስነካም ነበር።

እጅ ማስታጠቡ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋሽ ታፈረ በወጣትነቱ የአብነት ተማሪ ነበር፤ ቅኔ ቤት ደርሶ ነው ያቋረጠው። ከዚያ የመኪና ረዳት ሆነ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ በመጨረሻም ሦስት ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አገሩ ተመለሰ። ቁጡ ነበር፤ ግን ደግ ነበር። ይህን «ደግ» የሚለውን ቃል እጄ እምቢ እያለኝ ነው የጻፍሁት። አንቱ እያልሁት አድጌ እዚህ ላይ «እሱ» የምለውም ሥርዓት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

ከሁሉም አብልጦ የቀረበው እኔን ነው። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ይሁን፣ እጄ ለብልሃት ስለሚቀና ይሁን አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል የተበላሸ ጆይስቲክ ሰጥቶ ያስፈታኛል። ቁልፉን በአልኮል ማጠብ፣ የተበጠሰ ሽቦ በብየዳ መቀጠል ያስተማረኝ እሱ ነው። ስቸኩል ትከሻዬን ይይዝና «መሞቅ ያለበት ብረቱ ነው፤ አንተ ተረጋጋ» ይለኛል። ዛሬ ልጆቼን የማበላበት ሙያ ከዚህ ሰው እጅ የተቀበልሁት ነው። ይህም ራሱ ያናድደኛል።

የዚያ ጨዋታ ሲዲ የመጣው በጥር ነው። ጽሑፉ የየትኛው አገር ፊደል እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ታሪኩን የምንከታተለው በዓይናችን ብቻ ነበር። አንድ ወጣት አለ፤ እሱን የምናንቀሳቅሰው እኛ ነን። አንድ ሽማግሌ አለ፤ እሱን ማንም አያንቀሳቅሰውም። የኛን ገበሬ ገሳ የመሰለ የሣር ካባ ደርቦ፣ በትር ይዞ፣ በተራራው መንገድ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ገና በመጀመሪያው ቀን ስም ወጣለት፤ የኔታ አልነው።

የኔታ መውደቅን ያስተማረን እየገፋ በመጣል ነው። ከአንድ አጭር ካብ ላይ በበትሩ ጫፍ ይገፋሃል፤ ተንከባልለህ መነሣት እስክትችል ድረስ ደጋግሞ ይገፋሃል። መንገድ ላይ ያየኸውን ውኃ ሁሉ ከጠጣህ አይከለክልህም። ዓይንህ ፈዝዞ መንገዳገድ ስትጀምር ግን አጠገብህ መጥቶ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ኩሬ ራስህ ጎንበስ ብለህ ትመረምራለህ። ከሁሉ የከበደን የአካሄዱ ነገር ነበር። ዝግ ብሎ ነው የሚራመደው። እኛ ደግሞ ጎረምሶች ነን፤ መሮጥ እንፈልጋለን። ቀድመኸው ከሮጥህ ባለበት ይቆማል፤ መንገዱም ወደፊት አይከፈትልህም። ተመልሰህ ከኋላው ካልቆምህ በቀር ቀኑን ሙሉ ቢሆን አይነቃነቅም። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር እኔ ከትምህርት ቤት አላገኘሁትም፤ ያስተማረኝ ያ ሽማግሌ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ «አትቅደሙኝ» ሲለን ከርሞ ነው ከገደል አፋፍ ያደረሰን። ገደሉ የኛን የዓባይ በረሃ ይመስላል፤ በጉንደ ወይን በኩል አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል። ማዶው በጉም ተሸፍኗል፤ በመካከሉ የገመድ ድልድይ ተዘርግቷል። የኔታ እዚያ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ በትሩን መሬት ላይ ያጋድማል፣ ፊቱን ወደመጣንበት መንገድ ያዞራል። ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም።

ሌላ አገር ያለ ተጫዋች እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ምናልባት ዝም ብሎ ይሻገር ይሆናል። እኛ ቢቸናዎች ግን ችግሩ ወዲያው ነው የገባን፤ የኔታ አልመረቀንም። ተማሪ መምህሩን ሳይሰናበት፣ ጉልበት ስሞ ሳይመረቅ ከጉባኤ ቤት አይወጣም። ይህን ለማወቅ የግድ የአብነት ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ምርቃት ፍለጋ ጀመርን። ጎንበስ የሚያስብል አንድ ቁልፍ ነበረ፤ እሱን ተጭነን እግሩ ሥር ተንበረከክን። ከወንዙ ዓሣ አጥምደን ፊቱ አስቀመጥንለት። እንጨት ለቅመን እሳት አነደድንለት፤ እጁን ዘርግቶ ሞቀ እንጂ ዞር ብሎ አላየንም። ጥቂት ከቆየን በረዶ መውረድ ይጀምራል፤ ሁለቱም በረዶ ለብሰው ስክሪኑ ይጨልማል፤ ከአፋፉ እንደገና እንጀምራለን። አንዱ በሳምንቱ አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ሁላችንም ከኋላው ቆመን እናያለን፤ እንደገና በረዶ።

ጋሽ ታፈረ ከኛ ሁሉ ብሶ ነበር። እጁን ኋላው አጣምሮ ቆሞ «ይመርቃል፤ ጊዜው ሲደርስ ይመርቃል» ይለናል። ክረምት ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ መብራትም ጠፍቶ ተሰብስበን ሳለን የራሱን አጫወተን። ቅኔ ቤት ሳለ መምህሩ ታመው ተኝተው ነበር። ወደ ከተማ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘና ሳይሰናበታቸው ተሳፈረ። ወር ሳይሞላ ማረፋቸውን ሰማ። ከዚያ ወዲህ የጀመረው ነገር ሁሉ ወገቡ ላይ እንደሚቆረጥ ነገረን። የዚያን ዕለት በጣም ነበር የወደድሁት።

ወደ ኅዳር ገደማ የእኔም ነገር ቀና ማለት ጀመረ። በንብረት አያያዝ ሠልጥኜ ጨርሼ ስለነበር በአንድ መሥሪያ ቤት ለንብረት ክፍል ተፈትኜ አለፍሁ። የቀረኝ ዋስ ብቻ ነው። ንብረት ለሚረከብ ሰው ከተማ ውስጥ ቤት ያለው ወይም ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ካልፈረመለት ሥራው የለም። እናቴ የምትኖረው በኪራይ ነው፤ ዘመዶቻችን ገበሬዎች ናቸው። ጋሽ ታፈረ ሳልጠይቀው «እኔ እያለሁልህ ምን ያስጨንቅሃል? ሰኞ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። እናቴ ያንን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ለሥራ የምለብሰው ኮት አሰፋችልኝ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ ነገረች።

በዚያው ሰሞን ነው ሰይድ ያን ነገር የነገረኝ። ሰይድ የሞጣ ልጅ ነው፤ አባቱ እዚያ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ለትምህርት ቢቸና መጥቶ ከእኛ ግቢ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከበዓል ሲመለስ ያው ጨዋታ አጎቱ ቤት እንዳለና እነሱ ድልድዩን ከተሻገሩ እንደቆዩ ነገረኝ። ዋሸህ አልሁት። የትኛውን ቁልፍ ነው የተጫናችሁት ብዬ ጠየቅሁት።

«ምንም ቁልፍ የለውም። ዝም ብሎ መሄድ ነው» አለ።

«የኔታስ?»

«ይቀራል።»

ከማዶው ምን እንዳለ ሊነግረኝ ሲል ከለከልሁት፤ ራሴ ማየት ፈለግሁ። ሁለት ቀን ስብሰለሰል ሰነበትሁ። አንድ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ከዚያ ድንጋይ ሥር ተንበርክከን፣ በረዶ ለብሰን። ያ ሽማግሌ መሄድን ሲያስተምረን ኖሮ በመጨረሻ የተቀመጠው፣ ፊቱንም ያዞረው፣ እንድንሄድ ብሎ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ከመጣልኝ በኋላ ልቤ አላረፈም። በኪሴ የሥራ ፎርም አለ፤ ሕይወቴ ራሱ ድልድይ አፋፍ ላይ የቆመ መሰለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው እንዲህ ያስባል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሙሉ ነበር። ተራዬ ሲደርስ እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ። የኔታ ወደ ድንጋዩ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ በትሩን አጋደመ፣ ዞረ። እኔ ወጣቱን ወደ ድልድዩ መራሁት። መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ሦስት አራት ሳንቃ ስረግጥ ግን አንዱ «ኧረ ተመለስ!» አለ፤ ሌላው ትከሻዬን ያዘ። አልተመለስሁም። ድልድዩ ይወዛወዛል፤ ነፋሱ ይጮኻል፤ ጉሙ እየቀረበ መጣ። ማዶ ደረስሁ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ ከታች አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ፤ አንድ ነገር ሊታይ ነው ስል ጥፍት አለ።

መብራት የሄደ መስሎኝ ዞር ስል ሁለቱ የኳስ ቴሌቪዥኖች ይሠራሉ። ጋሽ ታፈረ የተነቀለውን ሶኬት በእጁ ይዞ ቆሟል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ተነሥ» አለኝ፤ ቀስ ብሎ።

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«እንዳልመረቀህ አይተሃል። እያየህ ጥለኸው ሄድህ። ውጣ ከቤቴ።»

ወጣሁ። ያን ሁሉ ሰው እያየኝ ጆሮዬ እየጋለ ወጣሁ። ቢሆንም አልተጨነቅሁም ነበር። ቁጣው ቶሎ እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ እስከ ሰኞ ይረሳዋል ብዬ ነበር።

ሰኞ ቢሮው በር ላይ ሳገኘው ንጹሕ ጃኬት ለብሶ፣ የቤቱን ካርታ በፕላስቲክ ይዞ ቆሟል። ደስ አለኝ። ሰላም ስለው አንገቱን ነቀነቀልኝና ገባን። የሰው ኃይል ሠራተኛው ፎርሙን አዘጋጅቶ እስክሪብቶ ሲያቀብለው ጋሽ ታፈረ እጁን ሰበሰበ።

«ዋስ እሆነዋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ቀርቼ ከማማው ራሴ መጥቼ ልናገር ብዬ ነው። ዋስ የሚኮነው ጥሎኝ አይሄድም ለሚሉት ሰው ነው። ይህ ልጅ ጥሎ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለና ካርታውን ይዞ ወጣ።

ሠራተኛው ቀና ብሎ አየኝ። ምን አጥፍተህ ነው አለኝ። ምን ልበለው? ስለ ገመድ ድልድይና ስለ ሣር ካባ ልንገረው? ዝም አልሁ። ዝምታዬ እንደ ጥፋት ተቆጠረብኝ። ፎርሙን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተውና በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ዋስ ካላመጣሁ ለተጠባባቂው እንደሚሰጥ ነገረኝ። ያኔ ያልተናገርሁትን ንግግር ስንት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ገላዬን ስታጠብ ብቻዬን ተናግሬዋለሁ። በየጊዜው ያሸንፋል፤ የሚሰማው ግን የለም።

ሌላ ዋስ ፍለጋ ስዞር ወሬው ቀድሞኛል። ‹አዲሱ አንድ ሽማግሌ ሜዳ ላይ ጥሎ ሄደ› ይባላል። ማክሰኞ ከሰዓት ላይ ሽማግሌው ከገደል አፋፍ የተተወ እውነተኛ ሰው ሆኗል። እናቴ ጋሽ ታፈረን እንዲለምኑላት ሁለት አዛውንት ላከች። እነሱም መጀመሪያ እኔን አስቀምጠው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አትደብቀን። ጥለኸው የሄድኸው ሽማግሌ የማን አባት ነው?»

የማንም አባት እንዳልሆነ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ሥዕል እንደሆነ ነገርኋቸው። ተያዩ።

«ታዲያ አሁን በሕይወት አለ?» አሉኝ።

ወደ ጋሽ ታፈረ ሄዱ፤ ሲመለሱ ለእሱ ወግነው ነው። መርቆ ያልሸኘህን ሰው ትተህ መሄድህ አግባብ አልነበረም፣ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድሁ። እውነቴን ነው፤ ሳላምንበት ለእናቴ ስል በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። «እኔን አይደለም የበደልኸው» ብሎኝ ገባ። እንግዲህ ማንን ልጠይቅ? ሐሙስ ዕለት ሥራው ለተጠባባቂው ተሰጠ።

የዚያን ዕለት እናቴ ምሳ አቀረበችልኝ፤ አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና «ለመሆኑ ግን ያ ሽማግሌ ምን ሆነ?» አለችኝ። አሽሙር አልነበረም፤ ከልቧ አዝናለት ነው። ጮኽሁባት። በሕይወቴ እናቴ ላይ የጮኽሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምግቡን ትቼ ተነሣሁ፤ እሷም ሳህኑን አነሣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች፤ ኮቱ ተጣጥፎ ሳጥኗ ውስጥ ነበር። ሥራውን በማጣቴ የተናደድሁት ንዴት ምናልባት በርዶልኝ ይሆናል። ይህኛው ግን አይበርድም። ያ ሰው በነቀለው ሶኬት የተነሣ እኔ እናቴ ላይ ጮኽሁ።

በሳምንቱ ሥራ ፍለጋ ከሰይድ ጋር ሞጣ ሄድሁ። ያኔ መንገዱ አስፋልት አልነበረም፤ ቅጥቅጥ አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሣ፣ የታጨደውን የጤፍ ማሳ ግራና ቀኝ እየተወ ይንገጫገጫል። ጉንደ ወይን ላይ ሲቆም ሰይድ በበርበሬ የተነካ ቅቅል ድንች ገዝቶ አቀበለኝ፤ ሳልበላው ሞጣ ደረስን። አባቱ ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ተቀብለው አስቀመጡኝና ዋስ አለህ ወይ አሉኝ። የለኝም አልሁ። ለምን እንደሌለኝ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ያን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ የሰሙኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ስጨርስ እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ያም አናደደኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

«ነገ ጠዋት አንተ ነህ የምትከፍት» አሉኝ።

ስምንት ዓመት እሳቸው ዘንድ ሠርቼ ነው የራሴን ሱቅ የከፈትሁ። ሰይድ ጨዋታውን ከአጎቱ ቤት አምጥቶ ሊያሳየኝ ብዙ ጊዜ ሞክሯል። እምቢ አልሁት። ከማዶው ያለውን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ተነሥቼ እወጣለሁ። እስከ ዛሬ ጆይስቲክ ለመጠገን እንጂ ለመጫወት ጨብጬ አላውቅም።

ሱቄ በር ላይ የሚቀመጡ ጎረምሶች በስልካቸው ሲጫወቱ ግን ሳልወድ አያለሁ። በየጨዋታው መጀመሪያ ላይ አንድ ያረጀ ሰው አይጠፋም። ሰይፍ አያያዝ የሚያሳይ፣ መንገድ የሚጠቁም፣ አንዳንዴም የሚቆጣ። ልጆቹ ንግግሩን በጣታቸው ዘለል አድርገውት ያልፋሉ። መሐል ላይ ሲሞትም ያው ነው። እነዚያን ሽማግሌዎች የሚሠሯቸው ሰዎች መጀመሪያውኑ ተትተው እንዲቀሩ አድርገው ነው የሚሠሯቸው ብዬ አስባለሁ፤ ተጫዋቹ ብቻውን መቆም የሚማረው እነሱ ሲቀሩ ነውና። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ጉልበት ስሞ ፈቃድ የጠየቀ፣ እሳት አንድዶ ያሞቀ፣ ምርቃት የጠበቀ ምናልባት የኛ ጌም ቤት ልጆች ብቻ ነን። በዚያ አላፍርም፤ እንዲያውም እኮራለሁ። የሚያበግነኝ የራሱን ጸጸት ዕዳ እኔን ያስከፈለኝ ሰውዬ ነው። መምህሩን ጥሎ የሄደው እሱ፣ የተቀጣሁት እኔ።

ስመኝ በማግሥቱ ከምሳ በኋላ መጣች። ወንበር ሰጠኋትና አባቷ ለምን ከሰው ሁሉ መርጦ ወደ እኔ እንደላካት ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አልነገረኝም ጋሼ። እናቴ ሞጣ ዘመድ አለን ብላው ነበር፤ እምቢ አለ። ‹ወይ ይፈርምልሻል፣ ወይ ያባርርሻል። ቢያባርርሽ እንዳትቀየሚው፤ ለእኔ የሚገባኝ ነው› ነው ያለኝ።»

ይባስ ብሎ ተናደድሁ። ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ አሁን ደግሞ ልጁን በእጄ ላይ ጣለ። ባባርራት ‹ጥሎ ይሄዳል ማለትህ ልክ ነበር› ልለው ነው፤ ብፈርምላት ደግሞ ያለ ምንም ቃል ሊታረቀኝ ነው። ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የተሰፋ አዲስ ኮት ለብሳለች፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሞባታል። ሥራው የሚያልፋት ከነገ ወዲያ ነው አለች። ያን ጊዜ ያ መሳቢያ ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ ትዝ አለኝና ፎርሙን ተቀብዬ ፈረምሁ፤ ማኅተሜንም አሳረፍሁበት። ለእሱ ብዬ አይደለም። ይህን ለእሷም ነገርኋት።

ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት እዚያው ቆማ ወደ ቢቸና ደወለች። ትንሽ አወራችና «ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል» ብላ ስልኩን ዘረጋችልኝ። የሚለኝን ለመስማት ስንት ዓመት ተዘጋጅቻለሁ፤ የምመልሰውም ቃል በቃል በአፌ ነበር። ድምፁ አርጅቷል። እንደምን ነህም አላለኝ፣ አላመሰገነኝምም።

«አዲሱ፣ ከድልድዩ ማዶ ምን ነበር?» አለኝ።

የተዘጋጀሁበት ሁሉ ከራሴ ጠፋ።

«አላየሁትም ጋሽ ታፈረ። እርስዎ አጠፉት።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላም አላየሁትም።»

በስልኩ ውስጥ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ ሲያልፍ ይሰማኛል። «እኔም ሲዲውን ሸጥሁት» አለና ለልጅቷ መልስላት አለኝ። መለስሁላት። ፎርሟን በክላሰር አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አመስግናኝ ሄደች፤ ሰኞ ሥራ ጀምራለች።

ትልቁ ልጄ ታሪኩን ሲሰማ ሳቀብኝ። ያ ጨዋታ ኢንተርኔት ላይ እስከ መጨረሻው ተቀርጾ እንደሚገኝ፣ ፈልጎ ለማሳየት አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅበት ነገረኝ። ስልኩን አውጥቶ መፈለግም ጀምሮ ነበር፤ አስቀምጠው አልሁት። ያ ሰውዬ መጀመሪያ ይቅርታ ይበለኝ። አንድ ቃል ናት፤ እሷን ከአፉ ሳልሰማ አላየውም።